ብድር ያልሆነ ድጋፍ ለችግኝ ጣቢያ የምታውቁ አላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። በሆርቲካልቸር ዲፕሎማ አለኝ። ዝዋይ አካባቢ አበባ እርሻ ስሠራ ቆይቼ አሁን የራሴን የሃስ አቮካዶ ችግኝ ጣቢያ መክፈት አስቤያለሁ። ማዳቀሉን እችልበታለሁ፤ የአገርኛው ችግኝ ግንዱ እርሳስ ሲያክል ቆርጬ፣ የሃሱን ቅንጥብ ሰክቼ በላስቲክ ጥብቅ አድርጌ አስረዋለሁ። የቸገረኝ መነሻው ነው።

በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የሴቶች ኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ፕሮጀክት የሚያቀርበው ብድር ነው። ችግኝ ደግሞ ከዘር ተነስቶ ለገበያ እስኪደርስ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ወለድ መቼ ይጠብቃል? አዋርድ የሚባለው የአፍሪካ ሴቶች ፌሎሺፕም ለተመራማሪዎች ስለሆነ እኔን አይመለከትም። አንድ ድርጅት ባመለክት «የመሬት ማረጋገጫ በስምሽ አምጪ» አሉኝ። መሬቱ የአባቴ ነው። (ለመሆኑ የስንቶቻችን መሬት በስማችን ነው?)

እባካችሁ፣ ማኅበር ሳይደራጁ በግል ለሚያመለክቱ ሴቶች የሚሰጥ ድጋፍ ካለ ጠቁሙኝ። ጥሬ ገንዘብ ባይሆንም የጥላ መረብና የውሃ ታንከር ቢሰጡኝ እጀምራለሁ። ከአባቴ ጋር የኪራይ ውል ብዋዋልስ ይቀበሉኛል? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እህቶች ካላችሁ፣ በተለይ የበጀቱን ክፍል እንዴት እንደጻፋችሁት ብታሳዩኝ ውለታችሁን አልረሳም።