ወተትና ተልባ «ሕፃኑ ላይ ይለጠፋል» ለሚሉ እናቶች ምን ይመለስ?

ጠያቂ (ተሁለደሬ)
ሰላም ለሁላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በነፍሰ ጡሮች ውይይት ሦስት ነገር አይቀርም፦ ወተት፣ ተልባና ሙዝ ሕፃኑ ላይ ይለጠፋል፤ ብዙ ከበሉ ልጁ ገዝፎ ምጥ ይጠናል፤ የብረት ኪኒኑ ያቅለሸልሻል። «ስህተት ነው» ማለት አልሠራም፤ አማቶችም አብረው ተቀምጠዋል።

አዋላጅ ነርስ (ደሴ)
አብሽሪ እህቴ። ሕፃኑ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየውን ነጭ ነገር በዓይናቸው አይተውታልና እሱን አትካጂ። ምን እንደሆነ ንገሪያቸው፦ የጽንሱ የራሱ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባት ከረገፈ የቆዳ ሴል ጋር ተደባልቆ ነው፤ ከ5ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ቆዳውን ከሽርት ውኃ ይጠብቃል። ምግብ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ፣ በደምና በእንግዴ ልጅ በኩል ነው የሚደርሰው፤ ቆዳውን የሚነካበት መንገድ የለም። አማቶቹን «ላም ነጥፋ በነበረችበት ዓመት የተወለደውስ ነጭ አልነበረበትም?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ቅባቱን ፈትጎ ማውጣትም አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው እጥበት 24 ሰዓት ቢቆይ ይመረጣል።

ወተቱ ግን ይፈላ። ጥሬው ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል፤ እሱ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ስለ ምጡ፦ ምጥ የሚታገደው በዳሌ ጥበትና በሕፃኑ አቀማመጥም ጭምር ነው፤ ምግብ መቀነስ እነዚህን አያስተካክልም። የተራበች እናት ደም አንሷት ትወልዳለች፤ ጥቂት ደም ቢፈሳትም ትወድቃለች። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ልጅ ደግሞ ሙቀቱን መጠበቅ ያቅተዋል። የስኳር ሕመም ያለባት ከሆነች የመግዘፉ ስጋት እውነት ነውና ለይተሽ ላኪያት። ለሌሎቹ በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይበቃል፦ እንጀራ በሽሮ፣ ከተገኘ እንቁላል።

የሥነ ምግብ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)
እኔ ስለ ኪኒኑ ልጨምር። 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አለው። ከራት በኋላ፣ ልትተኛ ስትል ብትውጠው ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ሰገራ እንደሚጠቁር አስቀድመሽ ካልነገርሻት ደንግጣ ትተወዋለች። ኪኒኑ ለሚያመጣው የሆድ ድርቀት ያቺው የተፈራችው ተልባ ከብዙ ውኃ ጋር ትረዳለች።

«ጤፍ እየበላን ብረት አይጎድለንም» የሚሉም አሉ። ከጤፉ ብረት ከፊሉ የአውድማ አፈር ነው፤ ሰውነት እምብዛም አይወስደውም። በእርሾ በደንብ የቦካ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል፤ መቡካቱ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ሽሮውና ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃርያ መጨመር ብረቱን ያስመጥጣል። የወሎ ችግር ቡናው ነው! ከምሳ ገበታ ሳይነሱ አቦል ይቀዳል፤ ብረቱ እዚያው ይታሰራል። ቡናው ከምግብም ከኪኒንም ቢያንስ 1 ሰዓት ይራቅ፤ 2 ቢሆን ይሻላል። በረካው ለጎረቤት ይቅር።

ጠያቂ
ኪኒኑን በወተት ቢውጡትስ? ጾሙንስ?

የሥነ ምግብ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)
በወተት አይሆንም፣ ካልሲየሙ ብረቱን ይሻማል፤ በውኃ ይዋጥ። በረመዳን ለራሷ ወይም ለጽንሱ የሰጋች አለመጾምና በኋላ ቀዷ ማውጣት (ያለፋትን ቀን መጾም) ትችላለች። ክርስቲያኗ የነፍስ አባቷን ታማክር። ሼኹንና ቄሱን አንድ ቀን ውይይቱ ላይ ጥሪያቸው፤ አማቶቹ ከአንቺ ይልቅ እነሱን ይሰማሉ።