የኮሮላ ሞተር ዋየሪንግ በእጄ ልሰራ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ባለ ኮሮላው፣ ሰበታ

ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴን ኮሮላ እንደገና መንገድ ላይ ለማውጣት እየሞከርኩ ነው። በፈረንጅ የ1990 ናት። ባለካርቡራተሩ 2ኢ ሞተሯ አልቆለት ስለነበር ከሶማሌ ተራ 4ኤ-ኤፍኢ ኢንጀክሽን ሞተር ከነኮምፒውተሩ አመጣሁ። ሞተሩ ከነማርሹ ገብቶ ተቀምጧል።

ያቃተኝ ዋየሪንጉ ነው። ሞተሩን ያወረደው ሰው ሽቦውን መሃል ላይ በቢላ ቆርጦታል። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ አንድ ስንዝር ሽቦ ቀርቷል። ሞተሩ ላይ የቀረው ደግሞ በሙቀት ደርቆ ሲነኩት ልባሱ ይፈረካከሳል። ቴስተር አለኝ፣ የስታኞ ብረት አለኝ፣ ቅዳሜና እሁድም የራሴ ናቸው። ቀለም ከቀለም እያየሁ ብቀጥለው ይሆናል ወይስ እንደ አዲስ ልስራው? ምን ዓይነት ሽቦ ልግዛ?

ጋራዥ ሰራተኛ፣ ቃሊቲ

ወንድሜ፣ ሽቦው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ቀጥለው እልህ ነበር። እኛም የምንሰራው ነው። ቀለም ከቀለም ትገጥማለህ፣ በስታኞ ትይዛለህ፣ በእሳት የሚሸበሸበውን ላስቲክ ታለብሰዋለህ። ልባሱ ከተፈረካከሰ ግን ተወው። ዛሬ ቢነሳልህም ከርሞ አንዱ ከሌላው ተነካክቶ መንገድ ላይ ያቆምሃል።

አንድ ነገር ልለምንህ፣ የቤት መብራት ሽቦ እንዳትገዛ። ውስጡ አንድ ወፍራም ዘንግ ነው። ሞተር ሲንቀጠቀጥ ይደክምና ይሰበራል፣ ከላይ ግን ደህና ይመስላል። ስንት ቀን እንዲህ ያለ ሽቦ ስንፈልግ ውለናል።

አሮጌው ኤሌክትሪሺያን፣ ዓለም ገና

ልጄ፣ እንደ አዲስ ስራው። የአባትህ መኪና ነች፣ እድሜ ይኑራት።

ሶማሌ ተራ ተመለስና ከሌላ ኢንጀክሽን ቶዮታ የወጣ ሙሉ ዋየሪንግ ፈልግ። ሶኬቱም ፒኑም ሽቦውም በአንድ ላይ ይገኝልሃል። ከመክፈልህ በፊት ጫፉን ላጥ አድርገህ እይ። መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከጠቆረ አትውሰድ።

ከዚያ ሞተሩ ላይ ሲባጎ ዘርጋ። ከኮምፒውተሩ ተነስተህ ሽቦው ሊያልፍ በሚገባው መንገድ እስከ እያንዳንዱ ሴንሰር ድረስ ሲባጎውን ቁረጥ፣ ወረቀት ፕላስተር ለጥፈህ ስም ጻፍበት። ከጭስ መውጫው ራቅ አድርገህ፣ ሞተሩ ሲወዛወዝ እንዳይወጠር ትንሽ ልል ተውለት። ሲባጎዎቹን ኮምፔርሳቶ ላይ ዘርጋና መታጠፊያው ሁሉ ላይ ሚስማር ምታ። ሽቦውን የምትዘረጋው እዚያ ሚስማር ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ተጎንብሰህ የሰራኸው ዋየሪንግ አንዱ ያጥራል፣ አንዱ ይረዝማል።

ውፍረቱን በተመለከተ፣ ለሴንሰር 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል። ለኢንጀክተርና ለቦቢና 1.25፣ ለቤንዚን ፓምፑ 2 አድርግ። መገጣጠሚያ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ አንዱ ፖዘቲቭ ለ4 ኢንጀክተር የሚከፈልበት ጋ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ አትከምር፣ ፈንጠር ፈንጠር አድርጋቸው። ፒኑን በደንብ በሚጨምቅ ፒንሳ ጭመቅ። ስታኞ ወደ ሽቦው ውስጥ እየሰረገ ያደርቀዋል፣ ሽቦው የሚሰበረውም ስታኞው ያበቃበት ቦታ ላይ ነው።

የአውቶሞቲቭ መምህርት፣ ለቡ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ማሳ፣ ማለትም ስለ ኔጋቲቩ መስመር ልጨምር፤ ተማሪዎቼ ሁሌ የሚሳሳቱት እዚያ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ዓይነት ማሳ አለ። ኢ1 እና ኢ01፣ ኢ02 የሚባሉት ከባዱን ከረንት የሚሸከሙ ናቸው። እነሱ ሞተሩ ላይ፣ ቀለም በሌለው ንጹህ ብረት ላይ በቦሎን ይታሰራሉ። ኢ2 ግን የሴንሰሮች መመለሻ ነው። የውሃ ሙቀቱ፣ የአየር ሙቀቱ፣ የስሮትሉና የማፕ ሴንሰሩ (የአየር ግፊት የሚለካው) መመለሻ ተሰብስቦ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። እሱን ሻሲ ላይ አትሰረው። ሻሲ ላይ ከታሰረ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር የሴንሰሩ ንባብ ሁሉ ይዛባል።

ከዲስትሪቢውተሩ የሚመጣው የክራንክ ምልክት፣ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው፣ በጣም ደካማ ነው። ከላይ የቀጭን ሽቦ ጥልፍ የለበሰውን ሽቦ ተጠቀም፣ ጥልፉንም በኮምፒውተሩ በኩል ብቻ ማሳ አድርገው። በሁለቱም ጫፍ ካሰርከው ጥልፉ ራሱ ከረንት ይሸከማል።

ከመግጠምህ በፊት ሴንሰሮቹን ለካ። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። ማፕ ሴንሰሩ ላይ ደግሞ አትደንግጥ። መመሪያው ላይ የሚጻፈው ቮልት ለባህር ጠለል ነው። ሰበታ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ቁልፍ ከፍተህ ስትለካ ቮልቱ ዝቅ ይላል። ጤነኛ ሴንሰር በዚህ ምክንያት ሲጣል አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ባለ ኮሮላው

ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲባጎውን ዛሬ ጀመርኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ካርቡራተር ስለነበር የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሽቦ የላትም። አንድ ጓደኛዬ ከቁልፉ በቀጥታ ውሰድ አለኝ። ይሆናል?

ጋራዥ ሰራተኛ፣ ቃሊቲ

ይሰራል። ለሙከራ እኛም እንደዚያ እናደርጋለን።

የአውቶሞቲቭ መምህርት፣ ለቡ

ለሙከራ እሺ፣ ለመንዳት ግን በፍጹም። መኪናው ተጋጭቶ ቱቦው ቢበጠስ ሞተሩ ጠፍቶም ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። የቶዮታው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ) ፓምፑን የሚያሰራው ሞተሪኖው ሲዞር ወይም ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን ሲያይ ብቻ ነው። ያንን ሪሌ ከሶማሌ ተራ ከነሶኬቱ ግዛው። ለፓምፑ የራሱ ፊውዝ፣ ለኢንጀክሽኑ ደግሞ 15 አምፔር ፊውዝ አድርግ። ሁለቱንም በተቻለ መጠን ባትሪው አጠገብ። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነውና።

ባለ ኮሮላው (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ይነሳል፣ ግን 1 ሰከንድ ሳይሞላው ይጠፋል። ቤንዚን አለ፣ ባትሪውም ሙሉ ነው። በደስታ ጮኼ ነበር፣ ከዚያ ዝም አልኩ።

አሮጌው ኤሌክትሪሺያን፣ ዓለም ገና

አይዞህ፣ መነሳቱ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፒውተሩን ራሱን ጠይቀው። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን የመመርመሪያ ፒኖች በሽቦ አገናኝና ቁልፍ ክፈት፣ ሞተር አታስነሳ። የድሮው ዳሽቦርድ የቼክ ኢንጅን መብራት ስለሌለው ከዋናው ፖዘቲቭ ወደ ኮምፒውተሩ ደብሊው ፒን አንዲት ትንሽ አምፖል አንጠልጥል። ስትበራ ቁጠር።

ባለ ኮሮላው

አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቆም ብላ አራት ጊዜ። 14 ማለት ነው አይደል?

የአውቶሞቲቭ መምህርት፣ ለቡ

የስህተት ኮድ 14 ነው። ኮምፒውተሩ ካንዴላው መተኮሱን የሚያረጋግጠው አይጂኤፍ በሚባለው ሽቦ ነው። ያ መልስ ካልመጣለት ኢንጀክተሩን ይዘጋል፣ ለዚህ ነው ተነስቶ የሚጠፋው። ሽቦውን በቴስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ያለውን ፒን ቀስ ብለህ ሳብ አድርገው።

ባለ ኮሮላው

ሳብ ሳደርገው ወጣ! ሽቦው ደህና ነበር፣ ፒኑ ግን ሶኬቱ ውስጥ አልቆለፈም። መቆለፊያዋን ቀና አድርጌ ቀጭ እስኪል ገፋሁት። አሁን 20 ደቂቃ ሆኖታል፣ ሞተሩ እየሰራ ነው። እናቴ ድምፁን ሰምታ ከቤት ወጣች።

አሮጌው ኤሌክትሪሺያን፣ ዓለም ገና

እሰይ! ሌሎቹንም ፒኖች አንድ በአንድ ሳብ እያደረግክ ሞክር። ናስትሮውን (የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተሩን) ገና አትጠቅልል። በየቦታው ብቻ አስረህ አንድ ሳምንት ንዳት፣ ከዚያ የሚነካካ ወይም የሚሞቅ ካለ ታየዋለህ። ስትጠቀልል ደግሞ የጨርቁን ናስትሮ ፈልግ። ተራው ጥቁር ላስቲክ ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጥና ይዝረከረካል።

ባለ ኮሮላው

እሺ ጋሼ። ነገ እስከ ዓለም ገና ድረስ ነድቼያት እመጣለሁ።