የቢሊ ሚልስ 25 ዙር፦ ፕሮፖዛሉ ላይ እንነጋገር

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። የሯጮች ማኅበራችን የቢሊ ሚልስን ድል በእጅ ሥራ ለመዘከር ለሚያስገባው ፕሮፖዛል ሐሳባችሁን እዚሁ ጣሉልኝ። ለአዲሶች ባጭሩ፤ አሜሪካዊው ሯጭ ቢሊ ሚልስ በሳውዝ ዳኮታ ያለው የነባር ሕዝቦች ይዞታ የፓይን ሪጅ ልጅ ነው፣ ጎሳው ኦግላላ ላኮታ። በ12 ዓመቱ ወላጅ አልባ ሆነ። ጥቅምት 4 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ 10 ሺህ ሜትርን በ28:24.4 አሸነፈ። ከራሱ ምርጥ ሰዓት ላይ ወደ 50 ሰከንድ ቀንሶ ማለት ነው። አራተኛ ማን ወጣ? የኛው ማሞ ወልዴ።

ወጣቶች ክፍል፦ ትልቅ ሸራ ይሁን። መሃሉ ላይ የሚልስ ፊት፣ ዙሪያውን የንስር ላባ። ማሞም እኩል ይሳል።

የስፌት ክፍል፦ ልጆቼ፣ ላባውን ተዉት። እዚህ አሜሪካ የንስር ላባ መያዝ በሕግ የተፈቀደው ለነባር ሕዝቦች ጎሳ አባላት ነው። ባይከለከልም የሰው ማዕረግ ነው፣ በኮላ አይለጠፍም። 10 ሺህ ሜትር ስንት ዙር ነው? 25 አይደል? ዙር መስፋት ደግሞ እናውቅበታለን። ሃያ አራቱን ዙር ባልተነከረ አክርማ፣ የመጨረሻውን በቀይ አለላ እንስፋው። ትናንት ማታ እንደ መም ሞላላ ላደርገው ሞክሬ ሰባት ዙር ደረስኩ። ጥግ ጥጉ ተሸበሸበብኝ፣ ወስፌውም አውራ ጣቴን ወጋኝ። ስፌት ክብ ነው የሚወደው፤ ክብ ይሁን በቃ።

ገንዘብ ያዥ፦ እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። የቶኪዮ መም እንደ ዛሬው ላስቲክ አልነበረም፣ ድቃቂ የተነጠፈበት ነው። ስፌቱ የሚያርፍበት አቡጀዲ ላይ ኮላ ቀብተን የከሰል ድቃቂ ብንነሰንስበትስ? ርካሽ ነው ደግሞ። ቀዩም ዙር ቀጥ ብሎ አይሂድ። መጨረሻው ዙር ላይ አውስትራሊያዊው ክላርክ ሚልስን ወደ ውጭ ገፋው፣ ቱኒዚያዊው ጋሙዲ መሃላቸውን ሰንጥቆ አለፈ። ሚልስ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው በውጭ በኩል የመጣባቸው። ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

የስፌት ክፍል፦ ገባኝ። ቀዩ ወጣ ብሎ ይመለሳል።

ጸሐፊ፦ የላኮታን የዶቃ ሥራ ግን እኛ ባንነካው ይሻላል። የላኮታ ባለሙያዎች ዶቃ የሚሰፉት ረድፍ በረድፍ ነው፣ እንደ ሩጫ መስመር። የሚልስን የደረት ቁጥር፣ 722ን፣ በዶቃ ከፓይን ሪጅ ባለሙያ ፈልገን በክፍያ እናሠራ። በጀቱ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ይሁን፤ ከተረፈ ነው የሚል አባባል አልፈልግም።

ወጣቶች ክፍል፦ እሺ፣ ላባው ቀረ። ማሞስ?

ጸሐፊ፦ እኩል አይሆንም። ቀኑ የሚልስ ነው። ማሞ በሰባት ሰከንድ ርቀት ከኋላ የምትመጣ አንዲት አረንጓዴ ስፌት ይሁን። የሱ ቀን በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ መጥቷል።

የስፌት ክፍል፦ ተስማምቻለሁ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ያለው ግን አክርማ ያስልክልኝ። የቀረችኝ ለሁለት ዙር እንኳን አትበቃም።