«እንድትመጪ» ወይስ «እንደምትመጪ»? የሰው ቃል በስፓኒሽ ሲደርስ

ጠያቂዋ፣ ከማድሪድ፦
ሰላም ለቤቱ። የምንከባከባቸው ሴትዮ ልጅ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ዲሴ ሚ ማድሬ ኬ ቤንጋስ ማኛና» ትላለች። «እናቴ» እና «ነገ» ገብተውኛል። «ቤንጋስ» ላይ ግን ቆምኩ። እኔ የማውቀው «ቢዬኔስ» ነው፣ ትመጫለሽ ማለት። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ያው ነው ባክሽ፣ ዝም ብለሽ ሂጂ» አለችኝ። መሄዱንስ እሄዳለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ኩባ የተማረው፦
ያው አይደለም እህቴ። «ዲሴ ኬ ቢዬኔስ» ብትል «እንደምትመጪ ትናገራለች» ነው። ወሬ ነው። ትመጫለሽ ብላ ለሰው እያወራች ነው ማለት ነው። «ዲሴ ኬ ቤንጋስ» ግን «እንድትመጪ ትላለች» ነው። ትእዛዝ ነው፣ ለስለስ ሲል ደግሞ ጥሪ።

መምህራን ይህን የ«ቤንጋስ» ዓይነት የግስ መልክ «ሱብሁንቲቦ» እያሉ ያስፈራሩሻል። አትደንግጪ። አማርኛችን ይህን ልዩነት ከልጅነትሽ ጀምሮ አስተምሮሻል። «እንደምትመጪ ነገረችኝ» እና «እንድትመጪ ነገረችኝ» ምን ያህል ይራራቃሉ? ስትጽፊያቸው «ደም» እና «ድ» ናቸው የሚለዩዋቸው። ትርጉማቸው ግን አንዱ ዜና፣ አንዱ ትእዛዝ ነው። ስፓኒሾችም እንደኛው ናቸው። «ዲሴ ኬ» ሳይነካ ግሱ ብቻ ይለወጣል። ስለዚህ ስትጠራጠሪ መጀመሪያ በአማርኛ በይው። አፍሽ ላይ «እንድ» ከመጣ ቤንጋስ፣ «እንደም» ከመጣ ቢዬኔስ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ስፓኒሽ የተማርነው ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ ነው። በደርግ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት የተላኩባት የኩባ ደሴት ናት። ኩባዎች ደግሞ የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጧታል። ቤንጋስ «ቤንጋ» ሆኖ ይወጣል። «ቤንጋ» ደግሞ በራሱ «እንድመጣ»ም «እንዲመጣ»ም ነው። አንድ ልጅ በር ላይ መጥቶ «ዲሴ ኬ ቤንጋ» ቢል ማን እንደተጠራ አይታወቅም። ለዚህ ነው መሰለኝ እነሱ «ኬ ቱ ቤንጋ» እያሉ «አንተ»ን መሀል የሚከቷት። ማድሪድ ላይ «ስ»ዋ ጥርት ብላ ስለምትሰማ አንቺ ዕድለኛ ነሽ።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! «አዎ፣ ነገ እመጣለሁ በያቸው» ብዬ ልመልስላት። እንዴት ልበል?

ኩባ የተማረው፦
«ዲሌ ኬ ሲ፣ ኬ ማኛና ቦይ»። ሁለት ነገር አስተውይ። አንደኛ፣ «ኬ» ተደገመች። እኛ «አዎ በያት፣ እመጣለሁ በያት» እንደምንለው ነው። ሁለተኛ፣ «ቤንጎ» እንዳትዪ። «ቤንጎ» የሚባለው ተናጋሪው ወዳለበት ሲመጣ ነው። አንቺ ያለሽው ሌላ ቦታ ስለሆነ «ቦይ»፣ እሄዳለሁ ነው የምትዪው።

እዚህ ላይ አበሻ ሁሉ ይደናቀፋል። ስልክ ደውለሽ «የት ደረስክ?» ስትዪው የኛ ሰው «መጣሁ» ይላል፣ ገና ካልሲ እያጠለቀ ቢሆንም። ስፓኒሹ «ያ ቦይ» ይላል። አሁን አጠገብሽ ላለችው ጓደኛሽ ቃሉን ስታደርሺ በአማርኛ «መጣሁ አለ» ብለሽ ትገላገያለሽ። በስፓኒሽ ግን «ዲሴ ኬ ያ ቦይ» ካልሽ ሂያጇ አንቺ ሆንሽ! «ዲሴ ኬ ያ ቢዬኔ» ነው የሚባለው። መሄዱ መምጣት ሆነ፣ «እኔ»ም «እሱ» ሆነ።

ጠያቂዋ፦
ላክሁላት። «ባሌ» ብላ መለሰች። እሱን እንኳ ማንም እንዳይተረጉምልኝ፣ «እሺ» ማለት እንደሆነ መጀመሪያው ሳምንት ላይ ደንግጬ ተምሬዋለሁ።

የሥነ ልሳን ተማሪው፦
ጋሼ የነኩት የ«እኔ» ጉዳይ በዓለም ደረጃ ክርክር ያስነሳ ነገር ነው። ዴቪድ ካፕላን የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ «እኔ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ አሁን የሚናገረውን ሰው ነው የሚጠቁመው ብሎ ተከራከረ። ይህን የሚያዛውር ነገር ቢኖር «ጭራቅ» ነው አለው። ከዚያ ፊሊፕ ሽለንከር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ጭራቁን አገኘሁት አለ። የት? አማርኛ ውስጥ። ማስረጃው «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» የሚል ነው። እኛ ስንሰማው ጀግናው ጆን ነው፣ ማንም ግር አይለውም። ስፓኒሽ «ሁዋን ዲሴ ኬ ሶይ ኡን ኤሮዌ» ቢል ግን ጀግናው ተናጋሪው ራሱ ነው።

ኩባ የተማረው፦
ወንድሜ፣ እሱማ የጆንን ቃል እንዳለ መጥቀስ አይደለም እንዴ? ጭራቅ ምን አመጣው?

የሥነ ልሳን ተማሪው፦
እንዲያ ቢሆንማ ቀላል ነበር። ግን «መቼ እመጣለሁ አለ?» የሚለውን ይዩት። «መቼ» የኔ የጠያቂው ጥያቄ ናት፣ እሱ «መቼ» አላለም። «እመጣለሁ» ደግሞ የእሱ ናት። ቃል በቃል ጥቅስ ቢሆን የኔ ጥያቄ የእሱ ቃል መሀል ምን ይሠራል? ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅለው ተቀምጠዋል። ስፓኒሹ «ኩዋንዶ ዲሆ ኬ ቤኒያ?» ነው። ሁሉም ነገር በጠያቂው ዓይን ይታያል፣ «እሱ መቼ እንደሚመጣ ተናገረ» እንደማለት።

ጠያቂዋ፦
«ቤኒያ» ደግሞ ከየት መጣች? «ቢዬኔ» አልነበረም እንዴ?

ኩባ የተማረው፦
«ዲሴ» ወደ «ዲሆ» ሲዞር፣ ማለትም «ይላል» «አለ» ሲሆን፣ ኋላ ያለውም ግስ አብሮት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቢዬኔ ቤኒያ ይሆናል። «ቤንድራ» (ወደፊት ይመጣል) «ቤንድሪያ» ይሆናል። «ቢኖ» (መጣ) «አቢያ ቤኒዶ» ይሆናል። ያንቺዋ ቤንጋስም ትናንት ተብላ ቢሆን ኖሮ «ዲሆ ኬ ቢኒዬራስ» ትሆን ነበር። እኛ ጋ «እንድትመጪ ብላለች»ም «እንድትመጪ ብላ ነበር»ም ስንል «እንድትመጪ» ንቅንቅ አትልም።

የምወዳት ግን ይቺ ናት። «ዲሆ ኬ ኤስታባ ኤንፌርማ» ካልሽ ታምሜያለሁ ብላለች፣ አሁን ትዳን አትዳን ያንቺ ዓረፍተ ነገር አይናገርም። «ዲሆ ኬ ኤስታ ኤንፌርማ» ካልሽ ሕመሙ አሁንም አለ ብለሽ አንቺም አብረሽ ቆመሻል። አለቃ ፊት ለጓደኛ ይቅርታ ስትጠይቂ የትኛውን እንደምትመርጪ አስቢበት።

ከሜሪላንድ፦
ዘግይቼ ገባሁ። ከሜክሲኮና ከኮሎምቢያ ልጆች ጋር ነው የምሠራው። «ዲስኬ» የምትል ነገር ከአፋቸው አትጠፋም። «ዲሴ ኬ» ተጣብቃ የወለደቻት ትመስለኛለች። «ኤስታ ዲስኬ ኤንፌርሞ» ሲሉ ፈገግ ይላሉ። ምን ብዬ ልተርጉማት?

የሥነ ልሳን ተማሪው፦
አወላለዷስ ልክ ነህ። ሁለት አማርኛ አላት። ወሬ ብቻ ስታደርስ የኛዋ «አሉ» ናት፤ «ታሟል አሉ»፣ ማን እንዳለ አይጠየቅም። ፈገግታ ካለበት ግን «አሞኛል ይላል» ነው፣ ዓይን ጠቀስ ተደርጎ። ከስም በፊት ስትመጣ ደግሞ ቁልጭ ያለ ፍቺ አላት። «ዲስኬ ዶክቶር» ማለት «ዶክተር ነኝ ባይ» ነው። «ነኝ ባይ» ውስጥ ያለውን «ነኝ» አያችሁት? ያው ጭራቁ ነው፣ ስድብ ሆኖ መጣ።

ጠያቂዋ፦
እኔስ እዚህ «ዲስኬ» ልበል?

ኩባ የተማረው፦
ማድሪድ ላይ ያረጀ ቃል ነው፣ የኮሎምቢያዋ ካርታሄና ያደግሽ ነው የምትመስዪው። እነሱ «ፖር ሎ ቢስቶ» ይላሉ። ቃል በቃል «በታየው መሠረት» ነው። ያላዩትንም፣ የሰሙትንም በሱ ያወሩታል።