የማክ 4 መጠይቅ፦ ከገለበጥኩም በኋላ አልፋው አልነሳም አለኝ

ሰውን የማታለልና መጠቀሚያ የማድረግ ዝንባሌን በማክ 4 እየለካሁ ነው፤ ክሪስቲ እና ጋይስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት ባለ 20 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ ማለት ነው። 10ሩ ወደ ተንኮል፣ 10ሩ ወደ ቅንነት ስለሚያጋድሉ የኋለኞቹን በባለ 7 ነጥቡ ሚዛን ገልብጫለሁ፦ ከ8 ላይ መልሱን መቀነስ፤ 2 የነበረው 6 ይሆናል። በድምሩ ላይ የተለመደውን 20 ስጨምር ነጥቡ ከ40 እስከ 160፣ መሃሉ 100 ነው።

የክሮንባህ አልፋው (ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየው ቁጥር) ግን ከ0.60 በታች ነው፤ ዝቅ ብሏል። መጀመሪያ ሁለቴ መገልበጥን ጠረጠርኩ (ኮዱ ድጋሚ ከሮጠ 6ቱ ተመልሶ 2 ይሆናል፣ የታወቀ ጉድ ነው)፤ ከጥሬው ፋይል ጋር ሳስተያየው ንጹህ ነው። የተገለበጡት እርስ በርስ በደንብ ይዛመዳሉ፤ ካልተገለበጡት ጋር ግን ዝምድናቸው ዜሮ አካባቢ ነው። ሁሉንም «እስማማለሁ» ብሎ የሚያልፍ መላሽ ይህን ያመጣል። መጠይቁ ራሱ ከአንድ በላይ ነገር ይለካም ይሆናል።

በማረጋገጫ ፋክተር ትንተናው (ከመልሶቹ ጀርባ አሉ ብዬ የገመትኳቸውን ድብቅ ባሕርያት፣ ማለትም ፋክተሮች፣ ከመረጃው ጋር የሚፈትነው ስሌት) ለአጻጻፍ አቅጣጫ የተለየ ፋክተር ልጨምር? ወይስ የማታለል ስልትንና ስለ ሰው ያለን ክፉ ግምት ለየብቻ ላስላ? «አልፋውን የሚያወርዱትን አውጣ» አትበሉኝ፤ የሚቀሩት በአንድ አቅጣጫ የተጻፉት ብቻ ይሆኑና የመስማማት ዝንባሌው ነጥቡ ውስጥ ይደበቃል።