ሀገር ሲያድግ የገቢ ልዩነት በራሱ ጊዜ ይጠባል የሚባለው ነገር እውነት ነው እንዴ?

ግራ_የገባው፦
ሰላም ናችሁ፣ ኢኮኖሚክስ ክላስ ላይ የኩዝኔትስ ከርቭ የሚባል ነገር ተምረን ነበር። ሀገር ከግብርና ወደ ኢንዱስትሪ ሲሻገር መጀመሪያ ልዩነቱ ይሰፋል፣ በደንብ ሲያድግ ደግሞ መልሶ ይጠባል፣ ግራፉ የተገለበጠ ዩ ነው ምናምን ብለውን አለፉ። ታዲያ አሜሪካ ሀብታም ከሆነች ስንት ዘመኗ፣ ልዩነቱ ግን ተመልሶ ሰፍቷል። ከርቩ የት ገባ? ለፈተና አይደለም፣ ከንክኖኝ ነው

ሂሳብ_ወዳድ፦
ከሜዳ የተነሳ ቲዎሪ አይደለም፣ ሂሳቡን እራስህ ሞክረው። 100 ሰው አለ በል፣ ሁሉም ገበሬ ሁሉም 10 10 የሚያገኝ፣ ልዩነት ዜሮ። ከተማ ሄዶ ፋብሪካ የገባ ግን 30 ያገኛል እንበል። 10 ሰው ሲሄድ ጂኒው 0.15 ይሆናል፣ 30 ሰው ሲሄድ 0.26 ይደርሳል፣ 90ው ሲሄድ ወደ 0.06 ይወርዳል። ልብ በል፣ የማንም ገቢ አልተቀነሰም፣ ሰው ስለተሻገረ ብቻ ነው ቁጥሩ ወጥቶ የወረደው

ዝምተኛው፦
ጂኒ ስትል ጋኔኑ መስሎኝ ደነገጥኩ 😂

ሂሳብ_ወዳድ፦
ሃሃ አይ፣ የልዩነት መለኪያ ነው። 0 ከሆነ ሁሉም እኩል፣ 1 ከሆነ አንዱ ሁሉንም ጠቅልሎታል

የድሮ_መዝገብ፦
ሂሳቡ ልክ ነው፣ ግን የከተማው ሰው ሁሉ እኩል 30 ያገኛል ብለህ ነው የጀመርከው፣ ችግሩም እዛ ጋ ነው። ከተማ ውስጥ አንዱ 15 ሌላው 3000 ሲያገኝ ሁሉም ሰው ከተማ ቢገባስ ምን ይጠባል? ከርቩ የተሰየመለት ኢኮኖሚስት ኩዝኔትስ እራሱ በፈረንጆቹ 1955 ባወጣው ጽሁፍ ላይ 5 ፐርሰንቱ መረጃ 95 ፐርሰንቱ ግምት ነው ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፣ እንደ ህግ የያዙት ከሱ በኋላ የመጡት ናቸው። በእጁ የነበረው ዳታም በዋናነት የአሜሪካ የእንግሊዝና የጀርመን ነው። በኢኮኖሚስቶቹ በነፒኬቲና ሳኤዝ ስሌት አሜሪካ ውስጥ ከላይ ያለው 10 ፐርሰንት በ1920ዎቹ መጨረሻ ከጠቅላላው ገቢ ግማሹን ሊጠጋ ደርሶ ነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሲሶ ወረደና እስከ 1970ዎቹ እዛው ቆየ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ወደነበረበት ተመለሰ። ያወረደው እድገት ብቻ ነው እንዳትል፣ መሃል ላይ የ1929ኙ ቀውስ አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ የሰራተኛ ማህበራት ጉልበት አለ፣ ታክሱ አለ። በ1944 ትልቁ የገቢ ግብር 94 ፐርሰንት ነበር (ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ያለው ላይ)፣ በ1988 ስንት ሆነ? 28

ግራ_የገባው፦
ቆይ እንጂ፣ እና ካለ ጦርነት አይስተካከልም ልትለኝ ነው?

የድሮ_መዝገብ፦
እሱን አልወጣኝም። መአት ሲመጣ ልዩነት መጥበቡ ድሮም ያለ ነው፣ በ1340ዎቹ መጨረሻ ቸነፈሩ አውሮፓን ሲጨርስ የተረፈው ሰራተኛ ደሞዙ ስለናረ እንግሊዞች በ1351 ደሞዝ የሚገድብ ህግ እስከማውጣት ሄደዋል። ግን ብራዚልን እያት፣ ከዓለም እጅግ ልዩነት ከሰፋባቸው ሀገሮች አንዷ ሆና በ2000ዎቹ ጂኒዋ ያለ ጦርነት ወርዷል፣ ዝቅተኛው ደሞዝ ከፍ አለ፣ ትምህርት ተስፋፋ፣ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ቦልሳ ፋሚሊያ የሚባለው የመንግስት ድጎማ ለድሃ ቤተሰብ ልጆቹ ትምህርት ቤት እስከሄዱ ድረስ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። አሁንም ልዩነቷ ሰፊ ነው እንጂ

አለፍ_አገደም፦
ቻይናን ረሳችኋት። ኢኮኖሚዋን ለገበያ ከከፈተችበት ከ1978ቱ ሪፎርም በኋላ ውስጧ ያለው ልዩነት ሰፋ፣ በመንግስት ቁጥር እንኳ በ2008 ጂኒው 0.49 ደርሷል። ግን ያ ሁሉ ህዝብ ከድህነት ስለወጣ የዓለምን ህዝብ ባንድ ላይ ስትለካው ልዩነቱ ጠቧል። ስለዚህ ሰፋ ጠበበ ከማለታችን በፊት በማን መሃል የሚለውን እንለይ፣ ገቢና ሀብትም ባንድ አይታዩም፣ የሀብት (ቤት፣ መሬት፣ አክሲዮን ምናምን) ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከገቢ ልዩነት የባሰ ነው

ግራ_የገባው፦
አመሰግናለሁ። በነገራችን ላይ የ100ውን ሰው ሂሳብ ቁጭ ብዬ ሰራሁት፣ ጫፍ የሚደርሰው 30 ላይ ሳይሆን 37 ሰው አካባቢ ነው፣ 0.27 ገደማ። የከተማውን ገቢ 50 ሳደርገው ደግሞ ጫፉ ቀድሞ 31 ሰው ላይ መጣና 0.38 ሆነ። ልክ ነኝ?

ሂሳብ_ወዳድ፦
ልክ ነህ 👌 እኔ ሰላሳውን የጻፍኩት ለአፍ ስለሚመች ነው