ለጀማሪዎች የትኛውን የዳንጀን ጀብዱ ልምረጥ?

ጥያቄ፦ አዲስ አጫዋች

ጤና ይስጥልኝ። ለአራት ጓደኞቼ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ ማለትም ገጸ ባሕርይ ሆነው በንግግርና በዳይስ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ ላጫውት ነው። አንዳቸውም ተጫውተው አያውቁም። እኔም ሌሎች ሲጫወቱ በቪዲዮ አይቻለሁ፣ በነጻ የሚገኘውን መሠረታዊ ሕግ አንብቤያለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ልምድ የለኝም። ስለዚህ ተዘጋጅቶ የታተመ ጀብዱ እፈልጋለሁ። ዋሻ ወይም የፈረሰ ግንብ ውስጥ ገብተው ክፍል በክፍል የሚያስሱበት፣ ዳንጀን የሚባለው ዓይነት ቢሆን ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ የጓጉት ለእሱ ነው።

የምንገናኘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሦስት ሰዓት ያህል አለን። ያለሁት አዲስ አበባ ስለሆነ ከውጭ በካርድ መግዛት ይከብደኛል። አንዱ ወዳጄ «ሎስት ማይን ኦቭ ፋንዴልቨር» ያዢ አለኝ። ሌላው ደግሞ ከሁሉ ዝነኛው «ቱም ኦቭ ሆረርስ» ነው አለኝ። የቱ ይሻላል? እንዲሰለቻቸው አልፈልግም። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲመጡ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ሃያ ጎን

እህቴ፣ ቱም ኦቭ ሆረርስን ለጊዜው ተዪው። በ1975 አሜሪካ ውስጥ ለውድድር ቀርቦ በ1978 የታተመ ነው። የተሠራው በጨዋታው የበሰሉ ሰዎችን ለመፈተን ነው። ግድግዳ ላይ በተቀረጸ ፊት አፍ ውስጥ የገባ ሰው ዳይስ እንኳ ሳይወረወርለት ይጠፋል። ጀማሪ እዚያ ቢገባ የሚማረው ምንም ነገር አለመንካትን ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ በሩን እንዲገፉ፣ ሣጥኑን እንዲከፍቱ፣ ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው እንዲያዩ ነው የምትፈልጊው።

ለመጀመሪያ ቀን እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። በአንድ ቁጭታ ማለቅ አለበት፤ ጨዋታው መሃል ላይ ከተቋረጠ ለሳምንት ያለው ጉጉት ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ውጊያ ቀላል መሆን አለበት። ሁለቱንም የሚያሟላው «ኤ ሞስት ፖተንት ብሩ» ነው። የቢራ ጠማቂው ምድር ቤት ግድግዳ ተደርምሶ ከጀርባው የጥንት አስማተኛ ግንብ ተገኝቷል፤ ከዚያ ትላልቅ አይጦች ወጥተዋል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። በአንድ ደቂቃ ታስረጂያቸዋለሽ። አይጥ አለ፣ እንቆቅልሽ አለ፣ አጠር ያለ አሰሳ አለ። ፒዲኤፉን ስታወርጂ ዋጋውን የምትወስኚው አንቺ ስለሆንሽ ያለ ካርድም ይገኛል።

መልስ፦ ችቦ ያዥ

የቢራው ጀብዱ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከሎስት ማይን አልለይም። በ2014 ከጀማሪዎች ሣጥን ጋር የወጣ ነው፤ አምስት የተዘጋጁ ገጸ ባሕርያት አሉት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጀማሪ ገጸ ባሕሪ ልፍጠር ካለ ከሦስቱ ሰዓት አንዱ እዚያው ያልቃል።

የመጀመሪያው ዋሻ፣ ክራግማው የሚባለው፣ ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በር ላይ የታሰሩ ተኩላዎች አሉ፤ ምግብ ብትወረውሪላቸው ይረጋጋሉ። ወደ አለቃው ክፍል በጭስ መውጫ መሰል ቀዳዳ ሽቅብ መውጣት ይቻላል። ድልድይ ላይ ያለው ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ ነው) ካያችሁ ውሃ ይለቁባችኋል። ከሁሉ የምወደው ግን ይሚክን ነው። ይሚክ ምርኮኛ ይዞ «አለቃዬን ግደሉልኝ፣ ሰውየውን እሰጣችኋለሁ» ብሎ የሚደራደር ጎብሊን ነው። ሁሉም ሰይፍ መዝዘው ሳለ ጭራቁ ንግግር ሲጀምር የተጫዋቾቹን ፊት ማየት ነው! ጨዋታው ውጊያ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባቸው እዚያ ላይ ነው።

አደጋው መግቢያው ላይ ነው። መንገድ ላይ ሁለት የሞቱ ፈረሶች ወድቀዋል፣ አራት ጎብሊኖች አድፍጠዋል። የአንዱ ቀስት ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ሲደመር 2 ይጎዳል፤ ማለትም እስከ 8። ሌቨል 1 (የመጀመሪያው ደረጃ) ላይ ያለ አስማተኛ ደግሞ ሂት ፖይንቱ፣ ማለትም ሳይወድቅ የሚችለው የጉዳት መጠን፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ነው። አንድ ቀስት ይጥለዋል። ስለዚህ ሁለቱ ጎብሊኖች ብቻ ይዋጉ፣ ሁለቱ ሮጠው ያምልጡ። የሸሹት ወደ ዋሻው ዱካ ስለሚተዉ ተጫዋቾቹም የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ቢሸነፉም አትደንግጪ። ጽሑፉ ራሱ ጎብሊኖቹ ራሳቸውን የሳቱትን ዘርፈው ትተዋቸው እንደሚሄዱ ይናገራል።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከዚህ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ሣጥን ማስላክ ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። የ2014ቱን ሣጥን ካጣሽ «ድራጎንስ ኦቭ ስቶርምሬክ አይል» አለ፤ በ2022 የወጣ፣ ከሌቨል 1 እስከ 3 የሚያደርስ አጭር ጀብዱ ነው። ሎስት ማይንም በ2023 በታተመው «ፋንዴልቨር ኤንድ ቢሎው» ውስጥ የመጀመሪያ ክፍል ሆኖ ገብቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የ2019ኙ «ድራጎን ኦቭ አይስስፓየር ፒክ» ለጀማሪ ተብሎ ቢሸጥም፣ ከመጀመሪያዎቹ ተልእኮዎች አንዱ ላይ ማንቲኮር የሚባል ብርቱ ጭራቅ ያጋጥማቸዋል። 68 ሂት ፖይንት አለው። ምግብ ወይም ውድ ነገር ሰጥቶ መሸኘት ይቻላል። ይህን የማያውቁ ጀማሪዎች ግን ዘለው ይገጥሙታል፣ ያልቃሉም። እሱን ከያዝሽ ማንቲኮሩ ከማጥቃቱ በፊት ተናጋሪ መሆኑን አሰሚያቸው፤ ከሩቅ «ርቦኛል!» ብሎ ይጩህ።

መልስ፦ ካርታ ሳዪ

ማንም ያላነሳው አለ፤ «ቱም ኦቭ ዘ ሰርፐንት ኪንግስ»። በ2017 ለማስተማር ታስቦ የተሠራ፣ ነጻ ፒዲኤፍ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ምን ሊያስተምር እንደተቀመጠ ለአጫዋቹ ይነግረዋል። መጀመሪያ ላይ የሸክላ ሐውልቶች አሉ። ሰብረው ወርቁን ሲያወጡ መርዝ ጋዝ ይወጣል። «ሀብት አለ፣ ሀብቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል» የሚለውን ማንም ሳይሰብክ ይረዱታል። ቀጥሎ መቀርቀሪያው ሲነሳ ትልቅ መዶሻ የሚመጣበት በር አለ። ከዚያ በኋላ ዱላ ሳይዝ በር የሚነካ ሰው አታገኚም።

ለእኔ ዳንጀን ማለት ይህ ነው። ዳይስ ከመወርወርሽ በፊት ማሰብ፣ መጠየቅ፣ በዘንግ መንካት። ጎብሊን መግደል የሚለመደው በአንድ ቀን ነው።

መልስ፦ ሃያ ጎን

ካርታ ሳዪ፣ ጀብዱውን እወደዋለሁ፤ ግን የተጻፈው ለጨዋታው የድሮ እትሞች ዓይነት ሕግ ነው። እህታችን የጭራቆቹን ቁጥር ራሷ ከመሠረታዊ ሕጉ መፈለግ ይኖርባታል። ለመጀመሪያ ቀን ሸክም ነው። መዶሻውም ሌቨል 1 ላይ ያለን ሰው እንዳይገድል ጉዳቱ መቀነስ አለበት።

መልስ፦ ካርታ ሳዪ

እውነት ነው። ጉዳቱን ትቀንስ፣ ደግሞ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ የተጨፈለቀ አጽም ታስቀምጥ። ምልክት ሳይኖር የሚመታ ወጥመድ ጀማሪን ያስቀይማል። አይተውት ያለፉት ምልክት ከሆነ ግን ራሳቸው ይስቁበታል።

ጥያቄ፦ አዲስ አጫዋች

ሁላችሁም ተባረኩ። በቢራው ጠማቂ ምድር ቤት እጀምራለሁ። ከወደዱት የክራግማው ዋሻን ለቀጣዩ እይዛለሁ፤ አጎቴ ከአሜሪካ ስለሚመጣ ሣጥኑን እለምነዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ካርታውን አትሜ ጠረጴዛ ላይ ላድርገው? ለተጫዋቾች ጮክ ተብሎ የሚነበበው ጽሑፍስ እንግሊዝኛ ነው፤ እንዳለ ላንብበው?

መልስ፦ ካርታ ሳዪ

ካርታውን አታሳዪ! ሙሉውን ካዩት ምን ሊያስሱ ነው? አንቺ ብቻ ያዢው። ለእነሱ ባለ ካሬ ደብተር ስጫቸውና አንዱ ይሳል። «ከፊታችሁ ስድስት ሜትር ያህል ኮሪደር አለ፣ በስተግራ በር» ትያለሽ፣ እሱ ይስላል። የሚስለው ሰው በጣም ሲጠመድ ታያለሽ። ዝምተኛዋን ጓደኛሽን ሹሚያት፤ ሥራ ስታገኝ መናገር ትጀምራለች።

መልስ፦ ችቦ ያዥ

የተጻፈውን እንዳለ አታንብቢው። ሌሊቱን አንዴ አንብቢና ከእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገር በአማርኛ በወረቀት ጻፊ፦ ምን ይታያል፣ ምን ይሸታል ወይም ይሰማል፣ ምን ይነካል። ለምድር ቤቱ «የተደፋ ቢራ ይሸታል፣ ከፈረሰው ግድግዳ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፣ ከበርሜሎቹ ኋላ የሚቧጥጥ ነገር አለ» በቂ ነው። ከዚያ ዝም ብለሽ «ምን ታደርጋላችሁ?» በይ። ወዲያው ካልመለሱም ጠብቂያቸው።

የዳይስ ሐሳብ አይያዝሽ። ስልክ ላይ ነጻ የዳይስ አፕ ሞልቷል፤ ጎግል ላይም ባለ ሃያ ጎኑን መወርወር ይቻላል።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የመጨረሻ ከእኔ። አንዱ ሂት ፖይንቱ ዜሮ ቢደርስ ወዲያው አይሞትም። በየተራው ባለ ሃያ ጎኑን ይወረውራል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተሳክቶለታል። ሦስት ከተሳካለት ይረጋጋል፣ ሦስት ከከሸፈበት ይሞታል። ይህን ጨዋታው ሳይጀመር ንገሪያቸው። ካልነገርሻቸው የወደቀው ጓደኛቸው የሞተ መስሏቸው ትተውት ይሮጣሉ። ካወቁ ግን አንዱ እየተዋጋ ሌላው ጎትቶ ሊያወጣው ይሞክራል።